ለእናቴ አቤቱታ ለጻፉልን ወይዘሮ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው በመሐል ሜዳ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጪ ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ራፖር (አቤቱታ) ለሚጽፉ ወይዘሮ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም የመሬት ክርክር የገጠመው የመንዝ ሰው ሁሉ ሌላ ቦታ ገንዘቡን ከመጨረሱ በፊት ወደ እርሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ አልጽፈውም፤ ሰፈሩ ላይ የጠየቀ ግን አያጣቸውም።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ አንዱን የገብስ ማሳችንን ለጎረቤት በእኩል ሰጥታ ነበር። ሰውየው ለጥቂት ዓመታት ድርሻዋን በአግባቡ ሲያስገባላት ቆይቶ፣ በኋላ ላይ «ባለቤትሽ በሕይወት ሳሉ ሸጠውልኛል» በማለት የጣት አሻራና የምስክሮች ፊርማ ያለበት ወረቀት አወጣ። ከዚያ በኋላ ያየነውን መንከራተት መዘርዘር ያሳፍራል። አንዱ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ቅድሚያ ክፍያውን ከተቀበለ በኋላ ስልኩን ዘጋብን። አንድ መሥሪያ ቤት እናቴን «ነገ ነይ» እያለ በዚያ ብርድ ከበር በር አመላለሳት። አዋቂ ነው የተባለ ሌላ ሰው ደግሞ ወረቀቱን በወጉ እንኳ ሳያነብ «አሻራ ካለበት አለቀ፤ የሚሰጣችሁን ተቀብላችሁ ታረቁ» ብሎ አሰናበተን፤ ለዚህም ምክር አስከፍሎናል።

ወይዘሮዋ ግን ወረቀቱን ደግመው ካነበቡ በኋላ «ተከራካሪያችሁ የያዘው እኮ ለእናንተ የሚመሰክር ሰነድ ነው» አሉን። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ስለሚደነግግ፣ ገበሬ መሬቱን ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ሊያከራይ፣ ሊያወርስ ወይም በስጦታ ሊያስተላልፍ ቢችልም «ሸጫለሁ» የሚል ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና በቀላል ቋንቋ አስረዱን። ቀጥለውም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ገልጠው «እማማ፣ ይህ ጉርድ ፎቶ የእርስዎ አይደለም?» ሲሉ ጠየቁ። ከአባቴ ፎቶ ጎን የእናቴ ፎቶ ተለጥፏል፤ ይዞታው የተመዘገበው በሁለቱም ስም ስለሆነ አባቴ ቢፈርም እንኳ ያለ እርሷ ፈቃድ የእርሷን ድርሻ ለሌላ ሊያስተላልፍ አይችልም ነበር። እናቴ ደብተሩን ለግብር ብቻ የሚያስፈልግ መስሏት በሳጥን ቆልፋበት ነው የኖረችው። በእኛ አገር የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ካስቀረ ስንት ዘመን ቢሆነውም ሰው ዛሬም «የእገሌ አባት ርስት» እያለ ስለሚናገር፣ ማሳው የባሏ ወገን ብቻ ሳይሆን የእርሷም ጭምር መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ሌላ ነው። አቤቱታውን ከማተማቸው በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለእናቴ አነበቡላት። እናቴም «ዘረፈኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆመቻቸውና «ጎረቤቴ ነው፤ እንቢ አለኝ እንጂ ዘረፈኝ አላልኩም» አለች። ያለ አንዳች ማጉረምረም አስተካክለው እንደገና አነበቡላት። ሌሎቹ እናቴ ያላለችውን ሁሉ እየጻፉ ያስፈርሟት ስለነበር ይህን ሳይ ዕንባዬ መጣ። በዚያ ላይ ገንዘብ ለመሰብሰብ ሳይቸኩሉ፣ ክስ ከመመሥረታችን በፊት ጉዳዩን በሽማግሌዎች እንድንሞክር መከሩን፤ ሽምግልናው ሳይሳካ ሲቀር ነው አቤቱታው የገባው።

በፍርድ ቤት የነበረውን የብይንና የማስረጃ ሂደት እኔ በደንብ አልተረዳሁትም። ወይዘሮዋ ጠበቃ ስላልሆኑ አብረውን አልቆሙም፤ እናቴ ግን የገዛ ቃሏን ስለምታውቀው ዳኛው ለጠየቋት ሁሉ ራሷ መለሰች። ማሳው እንዲመለስላት ተወስኖ ዘንድሮ ገብስ ዘርታበታለች። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

እባካችሁ፣ ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ወደ እርሳቸው ሂዱ፤ በተለይ ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ይሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ይሂዱ። ስትሄዱ የይዞታ ደብተሩን፣ ካርታ ካላችሁ ካርታውን፣ የመሬት ግብር ደረሰኞችን፣ ተከራካሪያችሁ ያቀረበው ወረቀት ካለም ቅጂውን ያዙ። ስሙ በደብተሩ ላይ ያለው ሰው ራሱ መገኘት አለበት፤ ጉዳዩን ከባለቤቱ አንደበት ሳይሰሙ አይጽፉም።