ያማሃ ኤጂ 100ን በደጋና በቆላ ከነዳኋት በኋላ

ሞተሯን የገዛኋት አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ከሸጣቸው አሮጌ ንብረቶች መካከል ነው። ሊብሬዋ የተሟላ፣ ቸርኬዎቿ ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ ጭሷ ግን ሰፈሩን ያፍን ነበር። ወራት አለፉ። ዛሬ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ፣ ጣርማ በርን አልፌ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ድረስ የእንስሳት መድኃኒት አመላልስባታለሁ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ "ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ሞተር) በዚህ ዘመን ያዋጣል ወይ?" ይለኛል። ያዋጣል፤ ግን የዘይቷን ነገር ባለቤቱ ራሱ ሲያውቀው ነው።

ኤጂ 100 ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራች፣ 97 ሲሲ ሞተር ያላት ናት። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል፤ ሆኖም ታንከር ውስጥ በእጅ አይደባለቅም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ያስተዋወቀው ኦቶሉብ የተባለው ፓምፕ ከተለየ የዘይት ጋን እየሳበ፣ የሞተሩን ፍጥነትና የነዳጅ አሰጣጣችሁን እያየ መጥኖ ይሰጣል። ብዙ መካኒክ "ፓምፑን ንቀለውና ቀላቅለህ ንዳ" ይላል። እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም። ቤንዚን በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር፣ በጥድፊያና በግምት የተቀላቀለ ዘይት አንድ ቀን ያንሳል፤ ያነሰ ቀን ፒስተኑን ይበላዋል። ፓምፑ የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ጋኑ ባዶ እንዳይሆን፤ ባዶ ከሆነ አየር ስለሚገባ፣ ዘይት ከሞላችሁ በኋላ የአየር ማስወጫውን ቡሎን አላልታችሁ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ነው። ሁለተኛ፣ የፓምፑ ገመድ ከነዳጅ መስጫው ገመድ ጋር እኩል እንዲንቀሳቀስ። በሞተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ክዳን ስትከፍቱ ገመዱ የሚያዞራት ትንሽ መዘውር ላይ ምልክት ታያላችሁ፤ ማኑዋሉ የሚያዘው ቦታ ላይ ካልደረሰ ገመዱ ረዝሟል ማለት ነው፣ ዘይትም ያንሳል።

ይህ ሁሉ የሚገባችሁ ጣርማ በርን ስትወርዱ ነው። ጣሊያን የቀደደው ዋሻ ያለበት ያ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ። ቁልቁለቱ ረጅም ስለሆነ ሰው ሁሉ በማርሽ ይዞ፣ ነዳጅ ዘግቶ ይወርዳል። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ለማያቃጥል ለፎር ስትሮክ ሞተር ጥሩ ነው። ለዚህች ግን አደጋ አለው፤ ነዳጁ ሲዘጋ ፓምፑም ዘይቱን ይቀንሳል፣ ሞተሩ ግን በጎማው እየተገፋ በፍጥነት ይሽከረከራል። ስለዚህ በየጊዜው ፍሪሲዮን ይዤ ትንሽ ነዳጅ እሰጠዋለሁ፤ ሰማያዊ ጭስ ብቅ ሲል ዘይት ደርሷል ማለት ነው። ኩርባው ከመድረሱ በፊት፣ ቀጥ ባለው ላይ አድርጉት እንጂ ኩርባ ውስጥ ፍሪሲዮን አትያዙ።

ከፍታው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶርም ይነካል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተገጠመ ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ቡሎን) እዚያ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ይረጥባል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥራል። ብዙዎች ካንዴላ በካንዴላ ላይ ይቀይራሉ፤ ጥፋቱ ግን እዚያ አይደለም። አነስ ያለ ጂግለር ማስገባት ወይም የካርቡራቶሩን መርፌ ክሊፕ አንድ ደረጃ ወደ ላይ መውሰድ ይበቃል። ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ግን አታብዙት። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ፒስተንና ሲሊንደር ይነካከሳሉ። እኔ መካከለኛውን መርጬ ደጋ ላይ ትንሽ መጥቆሩን ታግሼዋለሁ።

የአየር ፊልትሮዋ ስፖንጅ ነው። በላምባ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የሞተር ዘይት ጠጥቶ ይጨመቃል፤ ሳይጠመዘዝ። ደረቅ ስፖንጅ አቧራ አይዝም። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የውስጥ ቱቦ በጥላሸት ሲደፈን ጉልበቷ ቀስ በቀስ ስለሚጠፋ አይታወቅም፤ አውጥቶ ማራገፍ ነው። ሰንሰለቷ ሙሉ በሙሉ በክዳን ተሸፍኗል፤ ጭቃ አይነካውም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ተሸፍኗል ተብሎ ግን ያለ ዘይት ወራት መቆየት የለበትም።

የማልወዳቸው አሉ። የፊት ፍሬኗ ከበሮ ስለሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይደክማል፤ ውኃ ሲገባው ደግሞ እስኪደርቅ አይይዝም። መብራቷ ለሌሊት ጉዞ አይበቃም። ኦርጅናል መለዋወጫ ለማግኘት አዲስ አበባ፣ መርካቶ መውረድ ያስፈልጋል፤ እዚያም ተመሳሳይ ተብሎ የሚሰጠውን ከአሮጌው ጋር ሳታስተያዩ አትግዙ። የምወዳቸውም አሉ። ባትሪው ቢሞትም በመርገጫ ትነሳለች፤ በሁለቱም ጎን መቆሚያ ስላላት ተዳፋት ላይ አትወድቅም፤ ጭነት ማሰሪያዋም ትልቅ የመድኃኒት ሳጥን ይችላል። ለእነዚህ ሦስቱ ስል ብቻ እንኳ አልሸጣትም።

የጭሱስ? መካኒኩ "የፒስተን ሪንግ አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የማርሽ ቤቱ ዘይት በየሳምንቱ ሲቀንስ አየሁ፤ መሬት ላይ አንድም ጠብታ የለም። ዘይቱ የት ይሄዳል? በክራንኩ በፍሪሲዮን በኩል ያለው ኦይል ሲል (የማርሽ ዘይቱ ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ሲያረጅ ሞተሩ የማርሽ ዘይቱን እየሳበ ያቃጥለዋል። ሲሉ ተቀየረ፣ ጭሱ ቆመ። ስለዚህ አሮጌ ኤጂ ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ፤ መርገጫውን በእጃችሁ ተጭናችሁ ግፊቱን ፈትሹ። ከዚያ ማርሽ ቤቱን ከፍታችሁ የዘይቱን ልክ እዩ፤ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ልኩ ጎድሎ ጭሱ ከበዛ፣ የሲሉንና የእጅ ዋጋውን ከሂሳቡ ላይ አስቀንሱ።