«በእንግሊዝ ሕጋዊ» እየተባሉ የሚሸጡ ሰንጢዎችን ከመግዛታችሁ በፊት

እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ ወገኖች፦ በኦንላይን ገበያ «በእንግሊዝ ሕጋዊ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው በርካሽ የሚቸበቸቡ ታጣፊ ሰንጢዎች አሉ። ጽሑፉን አምናችሁ ኪሳችሁ ውስጥ እንዳትከቷቸው። ብዙ ጊዜ ሻጩ «ሕጋዊ» የሚለው ሽያጩን ነው። 18 ዓመት ለሞላው ሰው መሸጥ ይቻላል፤ ይዞ መንገድ መውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሲፈተሽ የሚጠየቀውም የያዘው ሰው እንጂ ሻጩ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ ያለ ምንም ምክንያት እንዲያዝ የሚፈቅደው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ የሚታጠፍ፣ ከተከፈተ በኋላ የማይቆለፍ፣ የሚቆርጠው ጠርዝ ከ3 ኢንች (7.62 ሴንቲ ሜትር) ያልበለጠ። ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ርዝመቱ ብቻ ነው። መቆለፊያውን ደግሞ ታች ላይ «ለጣትዎ ደህንነት» ብሎ እንደ ጥቅም ይቆጥረዋል። ለሥራ ከሆነ እውነት አለው፤ መቆለፊያ ጣት ያድናል። ፍርድ ቤቶች ግን የሚቆለፍ ሰንጢ ከተፈቀደው ዓይነት እንደማይቆጠር ወስነዋል፤ ስለቱ 2 ኢንች ቢሆንም ያው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ቅጣቱ እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል።

መቆለፊያ መኖሩን ከፎቶው መለየት ይቻላል። በእጀታው ውስጥ ከስለቱ ሥር የሚገባ ቀጭን የብረት ምላስ፣ በእጀታው ጀርባ ላይ የሚጫን ጎድጓዳ ቦታ፣ ወይም አንገቱ ላይ የሚዞር ቀለበት ካያችሁ ይቆለፋል። በእጃችሁ ከገባ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ክፈቱትና ምንም ሳትነኩ የስለቱን ጀርባ ቀስ ብላችሁ ግፉት። የማይቆለፈው በስፕሪንጉ ትንሽ ታግሎ ይታጠፋል፤ የሚቆለፈው አንድ ነገር ካልተጫነ ወይም ካልዞረ ንቅንቅ አይልም። የታወቁ የሰንጢ ስሞችም ያሳስታሉ። ኦፒኔል ከቁጥር 2 እስከ 5 ቀለበት የለውም፤ ከቁጥር 6 ጀምሮ አለው። «ቀለበቱን አላዞርኩትም» ማለት አያዋጣም። ቪክቶሪኖክስ እጀታው 91 ሚሊ ሜትር የሆነው አይቆለፍም፤ 111 ሚሊ ሜትር የሆነው በአብዛኛው ይቆለፋል። ሌዘርማን ዌቭን የመሰለ ባለብዙ መሣሪያ ፒንሳም ስለቱ ስለሚቆለፍ እዚሁ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ የባሱ አሉ። የመክፈቻ ቁልፍ (በተን) ሲጫኑ ብቻ ሳይሆን ስለቱን በትንሹ ሲገፉት በስፕሪንግ ተስፈንጥሮ የሚከፈትም የተከለከለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግ ትርጉሙን አስፍቶታል። የባንክ ካርድ፣ እስክሪብቶ ወይም የመኪና ቁልፍ መስሎ የሚመጣውም እንዲሁ። እነዚህን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ራሱ ወንጀል ነው። ከውጭ ካዘዛችሁት ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል፤ ብሩም በዚያው ቀልጦ ይቀራል።

ለሚቆለፈውም ሆነ ለትልቁ ቢላ «በቂ ምክንያት» ካለ መያዝ ይቻላል፤ ምክንያቱን የማስረዳት ሸክም ግን የያዡ ነው። ምንጣፍ አንጣፊ ወደ ሥራ ሲሄድ ይዞት ቢገኝ ያስረዳል፤ ያው ሰው ቅዳሜ ማታ ካፌ ውስጥ ቢገኝ ያስቸግረዋል። ለበዓል ቁርጥ ለመቁረጥ የወጥ ቤት ቢላ ወደ ዘመድ ቤት የምትወስዱ፣ በካርቶን ጠቅልላችሁ ሻንጣ ሥር ክተቱት፣ መንገድ ላይ ሳትቆሙ ሂዱ፣ የዚያኑ ዕለት መልሱት። «መኪና ውስጥ ረስቼው ነው» ብቻውን አያድንም። «ራሴን ለመከላከል ነው» ማለት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የተፈቀደውን ትንሽ ሰንጢ እንኳ ወደ ጦር መሣሪያነት ይቀይረዋል። (ከአገር ቤት ጎራዴ ለማስታወሻ ለምታመጡ፦ ስለቱ ጎበጥ ብሎ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎራዴ ክልክል ነው። በእጅና በባህላዊ መንገድ የተሠራውን ሕጉ በልዩ ሁኔታ ስለሚያየው የአንጥረኛውን ደረሰኝ አትጣሉ።)

ሕጉን ትተን ዕቃውን ብንመለከትም ብዙዎቹ ገንዘባቸውን አይመጥኑም። «የደማስቆ ብረት» የሚባለው በአብዛኛው ተራ ብረት ላይ በሌዘር የተሣለ ሥዕል ነው። እውነተኛው ንብርብር ስለሆነ ዥንጉርጉሩ በስለቱ ጀርባ ላይም ይቀጥላል፤ ሥዕሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ይጠፋል፣ እውነተኛው ግን አሲድ ሲነካው ተመልሶ ይወጣል። «440 ብረት» ብሎ ፊደሉን የሚደብቅ ሻጭም አለ። 440ሲ ካርቦኑ 1 በመቶ አካባቢ ሲሆን 440ኤ 0.7 በመቶ ገደማ ነው፤ ካርቦኑ ያነሰው 440ኤ ስለቱ ቶሎ በመደንዘዙ ይታወቃል። 3ሲአር13 የሚል የብረት ዓይነት ካያችሁ ካርቦኑ 0.3 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለካርቶን መቅደጃ እንኳ በየቀኑ መሳል ሊፈልግ ይችላል። በማይቆለፍ ሰንጢ ላይ ደግሞ ስፕሪንጉ ላላ ያለ ከሆነ ስትቆርጡ ጣታችሁ ላይ ይታጠፋል፤ እንዲህ ያለውን አትቀበሉ።

ገዝታችሁ ከሆነ፣ እንግሊዝ ውስጥ ካለ ሻጭ በኦንላይን የተገዛ ዕቃ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ውሉን ማፍረስ ትችላላችሁ። የማስታወቂያውን ገጽና «ሕጋዊ» የሚለውን ቃል ሻጩ ሳያነሳው ፎቶ አንሱ። የተከለከለው ዓይነት ከሆነ ግን ወደ ፖስታ ቤት ይዛችሁት አትውጡ። መጀመሪያ 101 (አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የፖሊስ ስልክ) ደውላችሁ እንዴት እንደምታስረክቡት ጠይቁ፤ የገንዘቡን ክርክር ከዚያ በኋላ በባንካችሁ በኩል አድርጉት።