የስዊስ ባቡር "ሙሉ ፓኬጅ" ከመግዛታችሁ በፊት

በበረዶ ወቅት ስዊዘርላንድን በባቡር ለመጎብኘት ያሰባችሁ፣ በተለይ ከአሜሪካና ከገልፍ አገሮች የምትመጡ ወገኖች፣ ኤጀንቱ "ሁሉም ነገር ተካቷል" ካላችሁ ካርዳችሁን ከቦርሳ አታውጡ። ፓኬጁ ውስጥ ያለው የጉዞ ትኬት፣ ማለትም ፓሱ፣ ራሱ ችግር የለበትም። ስዊስ ትራቭል ፓስ ይባላል፤ ከስዊዘርላንድ ውጭ ለሚኖር ሰው ይሸጣል። በባቡሩም በአውቶቡሱም በሐይቅ ጀልባውም በከተማው ትራምም ያስኬዳል፣ ሙዚየም ሳይቀር ያስገባል። ጣጣው ያለው ኤጀንቱ ከላይ በሚጨምርበት ወሬ ላይ ነው።

አክስቴና ባለቤቷ ባለፈው ኖቬምበር፣ ለታንክስጊቪንግ እረፍት፣ ከሜሪላንድ እንዲህ ያለ ፓኬጅ ገዝተው መጡ። የኤጀንሲውን ስም አልጠራም። ወረቀቱ ላይ ከማተርሆርን ተራራ ፎቶ ሥር "ግሌሸር ኤክስፕረስ ተካቷል" ይላል። ይህ ከዘርማት ወደ ሴንት ሞሪትስ ተራሮቹን አቋርጦ የሚሄድ፣ ትልልቅ መስኮት ያለው የጎብኚዎች ባቡር ነው። አክስቴ ከዘርማት ጣቢያ ደወለችልኝ። "ልጄ፣ ባቡሩ የለም ይሉናል!"

እውነትም የለም። ግሌሸር ኤክስፕረስ በየዓመቱ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ገደማ አይሄድም። ይህን ለማወቅ የባቡሩን የጊዜ ሰሌዳ አንዴ ገለጥ ማድረግ ይበቃል። ኤጀንቱ ግን የሌለ ባቡር ሸጦ ተኝቷል። በኖቬምበር ደግሞ ብዙ የተራራ ኬብል መኪናዎች ለጥገና ይዘጋሉ፣ የሐይቅ ጀልባውም ይቀንሳል። ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች።

ባቡሩ በሚሄድበት ወቅትም ሌላ ወጥመድ አለ። ፓሱ ጉዞውን እንጂ መቀመጫውን አይከፍልም። በግሌሸር ኤክስፕረስም ሆነ ወደ ጣሊያን በሚወርደው የጎብኚዎች ባቡር በበርኒና ኤክስፕረስ መቀመጫ ማስያዝ ግዴታ ነው፣ ክፍያውም ለብቻው ነው። የአክስቴ ወረቀት ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አይልም።

ኤጀንቶች የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። በዚያው ሐዲድ ላይ ተራ የክልል ባቡሮች ይመላለሳሉ። ፓሱ ካላችሁ ዘው ብላችሁ መግባት ነው፣ መቀመጫ ማስያዝ የለም። ከሴንት ሞሪትስ ወደ ጣሊያኗ ቲራኖ የሚወርደው ባቡር ኦስፒትሲዮ በርኒና ላይ 2,253 ሜትር ድረስ ይወጣል። ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ብሩዚዮ ላይ በክብ ድልድይ ይዞራል። መስመሩ ከ2008 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተራው ባቡር ጥቅም ደግሞ መስኮቱ ብዙ ጊዜ መከፈቱ ነው፤ የውዱ ኤክስፕረስ ግን ትልቅ መስታወቱ አይከፈትም፣ ፎቶው ላይ የራሳችሁ ፊት ያንጸባርቅባችኋል። አክስቴ በመጨረሻ በዚህ ነው የሄደችው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጠምጥማ፣ ስልኳን በመስኮት አውጥታ፣ ባለቤቷ "ዝጊው፣ በረዶ ሆንን!" እያሉ ሲጮሁ ቪዲዮው ላይ ይሰማል።

ወደ ተራሮቹ ስንመጣ፣ ሪጊ በፓሱ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ቲትሊስ ግማሽ ዋጋ ነው። 3,454 ሜትር ላይ ያለው ዩንግፍራውዮህ ግን የመጨረሻው መንገድ ላይ 25 በመቶ ቅናሽ ብቻ ነው ያለው፣ ቀሪው ከኪሳችሁ ነው፤ ቀላል ገንዘብም አይደለም። "ነፃ" ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል።

የቀናቱ ነገርም አለ። ፓሱ የ3፣ የ4፣ የ6፣ የ8 እና የ15 ቀን ሆኖ ይሸጣል፣ ተራው ዓይነት በተከታታይ ይቆጠራል። ዘመድ ቤት ቡና እየጠጣችሁ የዋላችሁበትም ቀን ይበላል። ፍሌክስ የሚባለው ግን በአንድ ወር ውስጥ ቀኑን እናንተ የምትመርጡት ነው። ለእነ አክስቴ የተሸጠላቸው የ15 ቀን ተከታታዩ ነው፣ ግማሹን ሶፋ ላይ ነው የጨረሱት። ከ6 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችስ? ከወላጅ ጋር ከሆኑ በስዊስ ፋሚሊ ካርድ በነፃ ይሄዳሉ። ለልጅ ፓስ ካስከፈሏችሁ ዓይን ያወጣ ዝርፊያ ነው።

አውሮፓ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ዩሬይል የሚባለው፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን የሚያካልለውና ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር የተዘጋጀው የባቡር ፓስ እንዳይሸጥላችሁ። የእናንተ ኢንተርሬይል ነው። የሚታየው የመኖሪያ አገር እንጂ ፓስፖርት አይደለም።

አክስቴ ገንዘቧን ስትጠይቅ ኤጀንቱ "ፓሱን ተጠቅማችሁበታል" ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አሁን ጉዳዩ በባንኳ በኩል ነው። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት በስማችሁ የተያዘውን መቀመጫ ማረጋገጫ ላክልኝ በሉት። እውነተኛው ማረጋገጫ ቀን፣ ሰዓት፣ የፉርጎ ቁጥርና የመቀመጫ ቁጥር አለው። "ቆይ በኋላ እልካለሁ" ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።