ዛንዚባር ስቶን ታውን ስትሄዱ የት ትረፉ፦ ባህሩ ፊት ያለው ሆቴል ወይስ ሰፈር ውስጥ ያለው የድሮ ቤት?

ለጫጉላ ዛንዚባር ልንሄድ ነው እያላችሁ የምትደውሉልኝ ሰዎች በዝታችኋል፣ ጥያቄያችሁ ደሞ አንድ ነው፣ ስቶን ታውን፣ ማለትም የዛንዚባር አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ የት እንረፍ፣ ስንትስ ይፈጃል። ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው። ሁለቴ ሄጃለሁ። መጀመሪያ ባህሩ ፊት ለፊት ካለ አንድ አሮጌ ሆቴል በሌሊት 140 ዶላር ከፍዬ አደርኩ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሁሩምዚ የሚባለው ሰፈር ጠባቧ መንገድ ውስጥ ካለ የድሮ የነጋዴ ቤት፣ 75 ዶላር ከነቁርሱ። ሁለተኛው ይበልጣል፣ በዋጋ ብቻ ሳይሆን በእንቅልፍም ይበልጣል።

የ140 ዶላሩን ልንገራችሁ። ፎቶው ላይ ባህሩ መስኮቱን ሞልቶ ነበር፣ ደርሼ ሳየው ግን አንገቴን አውጥቼ ወደ ግራ ካልዞርኩ ውሃ የሚባል የለም። ማታ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ እሱ ደሞ የኔ መስኮት ስር ነበር የተተከለው። ጠዋት ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ነጠላ ሳነሳው ነጭ ነገር እንደ ዱቄት ተያይዞ መጣ፣ ቀመስኩት፣ ጨው ነው። ቁርስ ልበላ ስወርድ አንድ ልጅ ኮሪደሩ ላይ የተላጠውን ግድግዳ በሲሚንቶ ሲደፍን አየሁት፣ ያኔ ምንም አልገባኝም ነበር።

በኋላ የገባኝ ይሄ ነው። የስቶን ታውን ቤቶች በኮራል ድንጋይና በኖራ ነው የተሠሩት። ኖራ ይተነፍሳል፣ ግድግዳው የጠጣውን እርጥበት መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለስኑበት ግን ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ጨዉ ልስኑን እየገፋ ይጥለዋል፣ ከዛ ደግመው በሲሚንቶ ይደፍኑታል፣ በቃ ማቆሚያ የለውም። የባህር ንፋስ የሚመታው ቤት ደሞ ይሄ ይብስበታል። እነዚህ ቤቶች ምን ያህል እንክብካቤ እንደሚፈልጉ ለማወቅ ባህሩ ፊት ያለውን ቤተ ተአምራት የሚሉትን ቤተ መንግሥት ማየት ነው፣ የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ እ.ኤ.አ. በ1883 ያሠራው ነው፣ በ2020 የፈረንጆች ገና ዕለት እየታደሰ እያለ ከፊሉ ተደርምሶ ሰው ሞቶበታል።

ስለዚህ ክፍል ሲያሳዩዋችሁ አልጋውን ትታችሁ መጀመሪያ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳብሱት። ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ፣ ወይ አዲስ ቀለም ሸቶ ከታች ካበጠ፣ ሌላ ክፍል በሉ። ቀጥሎ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ፣ የድሮው ማንግሮቭ በሚባል ባህር ዳር በሚበቅል ዛፍ ግንድ ነው የሚሠራው፣ ግንዱ አጭር ስለሆነ እውነተኛ የድሮ ክፍል ጠበብ ረዘም ያለ ነው። አዳራሽ የሚያህል ክፍል ላይ ለጌጥ የተለጠፈ ግንድ ካያችሁ ኮፒ ነው። በሩም እንደዛው፣ የነሐስ ጉጥ ያለበት የተቀረጸ በር ለቱሪስት ተብሎ አዲስም ይሠራል፣ አሮጌው ግን ሰው እጅ በሚነካው በኩል ለስልሶ ያበራል። ኮፒ ውስጥ ማደር ኃጢአት አይደለም፣ ግን የታሪካዊ ቤት ዋጋ አትክፈሉበት።

ባህሩ ፊት ያሉት ሁሉ መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም። ቴምቦ ሀውስ የሚባለው ሆቴል በ1834 የተሠራ፣ የአሜሪካ ቆንስላ የነበረ ቤት ነው፣ ዋና ለሚወድ ገንዳ አለው፣ መጠጥ ግን አይሸጥም፣ አውቃችሁ ግቡ። ፓርክ ሃያት ሆቴል ደሞ የሕንፃው አንዱ ወገን ማምቦ ምሲጌ የሚባለው የድሮ ቤት ነው፣ ያማረ ነው፣ ዋጋው ግን የሌላውን ሦስት ሌሊት ይበላል። የፀሐይ መጥለቂያ ከሆነ የፈለጋችሁት ድሮ የእንግሊዞች ክለብ የነበረው አፍሪካ ሀውስ ሰገነት ላይ አንድ ለስላሳ አዝዛችሁ ታዩታላችሁ፣ ለዛ ብላችሁ በየሌሊቱ 60 እና 70 ዶላር መጨመር ለኔ አይታየኝም።

ሰፈር ውስጥ ያሉት ቤቶች መሃላቸው ክፍት ግቢ አላቸው፣ ሙቀቱ በሱ ይወጣል፣ መብራት ቢጠፋም አጎበር አውርዶ መተኛት ይቻላል። ግቢው ውስጥ ማታ ቁጭ ብዬ ሳስብ ያዘንኩበትም ነገር አለ። በሱልጣኖቹ ቤት ከሀገራችን ተወስደው የተሸጡ ሴቶች ይኖሩ ነበር፣ የባሪያ ገበያው የተዘጋው በ1873 ነው፣ ቦታው ላይ አሁን ካቴድራል ቆሟል። ከሆቴሌ በእግር ሄጄ አየሁት፣ ሳታዩት አትመለሱ።

ችግሩንም ልንገራችሁ። መኪና በር ድረስ አይገባም፣ ሻንጣ በሰው ነው የሚመጣው። ሊፍት የለም፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ እናቴን ይዤ ብሄድ ኖሮ የመጀመሪያ ፎቅ ስጡኝ እል ነበር። አዛን ከንጋት በፊት ይሰማል፣ እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ከመስጊድ ራቅ ያለ ክፍል ጠይቁ።

ዋጋ ላይ የምትነጫነጩትን ስለማውቅ ይሄን ያዙ። ኦንላይን የምታዩት ዋጋ ላይ በሰው በሌሊት የሚከፈል የመሠረተ ልማት ግብር ላይካተት ይችላል፣ ቀድማችሁ ጻፉላቸውና "ሁሉም ተጠቃሎ ስንት?" በሉ፣ መልሱን ስክሪንሾት አድርጉ። ለውጭ ሰው የግዴታ የሆነው የጉዞ ኢንሹራንስ 44 ዶላር ነው፣ በነፍስ ወከፍ፣ ለሁለት ሰው 88 ማለት ነው፣ እኛ ባጀት ስንሠራ ረስተነው ነበር። አሮጌ እትም ዶላር አትያዙ፣ አይቀበሏችሁም፣ እኔ አንድ መቶ ይዤ ተመለስኩ። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ያኔ ሲደራደሯቸው ይቀንሳሉ። የካቲት ላይ ደሞ የሳውቲ ዛ ቡሳራ የሙዚቃ ፌስቲቫል ሲኖር ክፍል ማግኘት ራሱ ከባድ ነው።

ለጫጉላ ከሆነ ስቶን ታውን ሁለት ሌሊት ይበቃችኋል፣ ከዛ ለባህር ዳርቻ ወደ ኑንግዊ ወይ ፓጄ ሂዱ። ሁለቱን ሌሊት ግን ላይኛው ፎቅ ግቢውን የሚያይ ክፍል ያዙ፣ ጄኔሬተሩ በየት በኩል እንዳለም ሳትጠይቁ አትክፈሉ።