14 ወር ከብሉሬይ ጋር፦ አኒሜ በዲስክ፣ ጣና ዳር

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የአኒሜ ዲስኮቼን ሳጥን ስከፍት ሽታው ቀደመኝ። ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ቁም ሳጥን ሲከፈት የሚመጣው ያ የሻጋታ ሽታ። ዲስኮቹ ደህና ነበሩ። አብሯቸው የመጣው የሥዕል መጽሐፍ ግን ገጹ ከገጽ ተጣብቆ እንደ ቂጣ አንድ ሆኗል። ቀስ ብዬ ላላቅቀው ስል የአንዱን ገጸ ባሕርይ ፊት ከነአፍንጫው ወደ ማዶው ገጽ አዛወርኩት።

ስለ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ዲስክ የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ምስል ጥራት ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ለሚኖር፣ መስኮት ሲከፍት የሐይቁ አየር ፊቱን ለሚያርሰው ሰው ግን መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው። ይሄ ነገር ክረምት ይችላል ወይ? የእኔ አንድ ክረምት አልፎታል፣ 14 ወርም ሆኖታል። አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ንብረቴ ብዙ አይደለም። በዩኤስቢ የምትሰካ ቀጭን የብሉሬይ ማንበቢያ አለችኝ፣ ብሉሬይ ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዝ ዲስክ ነው። ካውቦይ ቢቦፕ የተባለው አኒሜ ሙሉ ሳጥን አለኝ፣ 26ቱም ክፍል። ሌሎች አምስት ፊልሞች አሉ። ከፉልሜታል አልኬሚስት ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ደግሞ ከ27ቱ ቅጽ 11ዱ እጄ ገብቷል። ሁሉም ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ በዘመድ ሻንጣ ተቆራርጠው የመጡ ናቸው። ክፍያው ግማሹ ብር፣ ግማሹ በርበሬና ሽሮ ነው።

ለምን ዲስክ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያደግሁት ፊልም ፍላሽ ላይ እያስጫንኩ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የዲቪዲ ኪራይ ነበር፣ ጀርባው ድመት የቧጠጠው የሚመስል ዲስክ። በ2016 ዓ.ም. ከተማችን ብዙ ወር ያለ ሞባይል ዳታ ስትቆይ የአኒሜ አፍቃሪው ሁሉ ያለችውን ሃርድ ዲስክ ይዞ ቀረ። የእኔ ሃርድ ዲስክ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ዶርም ወደ ፖሊ ግቢ ዶርም፣ ከፖሊ ወደ ሰፈር ሲዞር ከረመ። አንድ ቀን ተመልሶ መጣ፣ ሰካሁት፣ ጠቅ ጠቅ አለና ዝም አለ። የአራት ዓመት ስብስብ ነበር። ማን እንደጣለው እስካሁን የሚያምን አልተገኘም። ያን ጊዜ ነው፣ ለሰው ሳውሰው አንዱ ቢጠፋ ሌላው የሚቀርልኝ ነገር ይኑረኝ ያልኩት።

ማንበቢያዋ መጀመሪያ አሳፈረችኝ። ዲስክ ሳስገባላት ትነሳለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ትንፋሿ ይጠፋል። ሦስት ቀን ሙሉ «ተበላሽታ ነው የመጣችው» እያልኩ ያመጣችልኝን የአክስቴን ልጅ አስጨነቅኋት። ችግሩ የእኔ ላፕቶፕ ሆኖ ተገኘ። የድሮው ዩኤስቢ መሰኪያ 500 ሚሊ አምፔር ነው የሚሰጠው፣ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው አዲሱ ደግሞ 900። ማንበቢያዋ ዲስኩን ለማስነሳት ከ500 በላይ ትፈልጋለች። ሁለት ራስ ያለው ገመድ ገዝቼ በሁለት መሰኪያ ስሰካት ጉዳዩ አለቀ። ይቅርታ ደውዬ ጠየቅሁ። ይቅርታዬ ግማሽ ኪሎ ቡና አስወጥቶኛል።

ከዚያ ወዲህ ያስቸገረኝ ገመዱ ብቻ ነው። ስምንተኛው ወር ላይ መሰኪያው ላላ፣ ላፕቶፑን ነካ ካደረግሁት ፊልሙ ቀጥ ይላል። አዲስ ገመድ ተገዛ። ማንበቢያዋ ራሷ እስከ ዛሬ ልክ ናት። መብራት ሲሄድ ግን ትከብዳለች። ፋይል ሳይ በባትሪ አራት ክፍል የሚያስጨርሰኝ ላፕቶፕ፣ በዲስክ ሦስተኛው ክፍል መሃል ላይ ይተኛል። ደግሞ ማታ ጨለማ ውስጥ የበራችው ስክሪን እሷ ብቻ ስትሆን የጣና ትንኝ በሙሉ ተጋባዥ ነው።

ለመግዛት ላሰበ ሰው ስለ አካባቢ ኮድ ልንገረው፣ እኔ ሳላውቅ ነው የገባሁበት። ብሉሬይ ዓለምን በሦስት ይከፍላል፣ የተቆለፈ ዲስክ ኮዱ ከማንበቢያው ጋር ካልገጠመ አይጫወትም። ጃፓንና አሜሪካ ኤ ናቸው። አውሮፓና አፍሪካ ቢ፣ እኛም እዚያ ነን። ቻይና፣ ሩሲያና ሕንድ ሲ። ስለዚህ ከእንግሊዝ የሚመጣ ዲስክ ለእኛ የቤት ልጅ ነው፣ ከአሜሪካ የሚመጣው ላይ ግን ጀርባውን አንብቡ። ያልተቆለፈም ብዙ አለ። ዲቪዲ ይብሳል። እዚያ ኢትዮጵያ 5 ናት፣ ጃፓን 2፣ አሜሪካ 1። የኮምፒውተር ማንበቢያ ኮዱን አምስት ጊዜ ብቻ ያስቀይራል፣ ከዚያ ያለበት ላይ ይቆለፋል። እኔ ሁለቱን «እስቲ ምን ይላል» እያልኩ ጨርሻለሁ።

ሌላም አለ። የሁላችንም ላፕቶፕ ላይ ያለው የፊልም ማጫወቻ፣ ቪኤልሲ፣ የተገዛ ብሉሬይ ስታስገቡለት ዝም ብሎ አይከፍተውም፣ ዲስኩ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ፈቃድ ያለው ማጫወቻ ያስፈልጋል። የእኔ ከማንበቢያዋ ጋር መጥቷል። ይሄ ማጫወቻ ግን አዲስ የወጣ ዲስክ ሲያይ ቁልፉን ከኢንተርኔት ማደስ ይፈልጋል። አስቡት፣ ከኢንተርኔት ለመገላገል የተገዛ ዲስክ! ላፕቶፔን ታቅፌ ሐይቅ ዳር ያለ ዋይፋይ ያለው ካፌ ሄድኩ፣ ሁለት ማኪያቶ ጠጣሁ፣ ቁልፌን አድሼ ተመለስኩ። በ14 ወር ይህን ሁለት ጊዜ አድርጌያለሁ።

ወደ ምስሉ እንምጣ። ካውቦይ ቢቦፕ በ1998 በጃፓን የወጣ ነው፣ ዳይሬክተሩ ሺኒቺሮ ዋታናቤ። በእጅ እየተሳለ በካሜራ ፊልም ጥቅል ላይ ከተቀረጹት የመጨረሻዎቹ ትውልዶች አንዱ ነው። ይሄ ለሰብሳቢ ትልቅ ነገር ነው። ፊልም ጥቅል ላይ ያለ ሥራ በስካነር እንደገና ሲነበብ እውነተኛ ዝርዝር ይወጣዋል፣ ብሉሬይም 1080 የምስል መስመሩን በሐቅ ይሞላዋል። ከ2000 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በኮምፒውተር በትንሽ ጥራት የተሠሩት አኒሜዎች ግን ያ ዕድል የላቸውም። ተለጥጠው ነው የሚታተሙት። ለእነዚያ የብሉሬይ ዋጋ መክፈል አይዋጥልኝም፣ ዲቪዲው ይበቃል።

የመጀመሪያውን ክፍል የከፈትኩ ቀን ጨለማው ቦታ ላይ ደቃቅ ነገር ሲርመሰመስ አየሁ። አቧራ መስሎኝ ቴሌቪዥኑን ወለወልኩ። አልሄደም። ለካ የፊልሙ የራሱ ቅንጣት ነው። ፍላሽ ላይ ያየሁት ቅጂ ይሄን ሁሉ አጥቦ፣ ጨለማውን እንደ ንጣፍ ድንጋይ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጎት ነበር። የሲጋራው ጭስ ላይ ልዩነቱ ይብሳል። እዚያ ጭስ አልነበረም፣ ግራጫ ጉም ነበር። እዚህ ክሩ ይታያል፣ ሲታጠፍም ይታያል።

ድምፁን የገመገመችው እናቴ ናት። ሙዚቃው የዮኮ ካኖ ነው፣ ጃዝ። እናቴ ማጀት ሆና ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሳክስፎኑ ሲነሳ ቢላዋው ቆመ። «ይሄ ጌታቸው መኩሪያ ነው?» አለችኝ። ጃፓኖች ናቸው ስላት አላመነችም፣ መጥታ አየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አብራኝ ተቀምጣለች።

የዲስኩን ትልቁን ጉድለትም ያገኘሁት በእሷ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ የለውም፣ ይኖረዋል ብዬም አልጠበቅሁም። እንግሊዝኛውን እያነበብኩ ቶሎ ቶሎ እተረጉምላታለሁ። አንድ የቤተሰብ ታሪክ እያየን ልጅቷ አባቷን ስታናግር «አንተ» እያልኩ ተረጎምኩ። እናቴ ቆጣ አለች። «አባቷን አንተ ትላለች እንዴ? ያሳደጋት የለም?» ወደ ኋላ መልሼ አዳመጥኩ። ልጅቷ አንተም አላለች። «ኦቶሳን» ነው ያለችው፣ አባዬ። ጃፓንኛ እንደ እኛው ነው፣ ለማን ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። ጀግናው ጠላቱን «ኪሳማ» ሲለው ስድብ ነው፣ ትልቅ ሰው ስሙ ላይ «ሳን» ይጨመርለታል፣ ቀድሞ የገባ ተማሪ «ሴንፓይ» ነው፣ እኛ ሲኒየር የምንለው። እንግሊዝኛው ይሄን ሁሉ በአንዲት ቃል ጨፍልቆ ያልፋል። አሁን ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ጆሮዬን ይዤ እተረጉማለሁ፣ አንቱ የሚገባውን አንቱ እለዋለሁ። በዚህ ነገር እኛ ከእንግሊዞቹ የተሻለ ተመልካች ነን፣ ማንም ምን ይበል።

ማንጋው ሌላ ታሪክ ነው። የፉልሜታል አልኬሚስት ደራሲ የሂሮሙ አራካዋ ሥዕል በወረቀት ሲያዩት ስልክ ላይ ከሚያዩት ጋር አይወዳደርም፣ በተለይ ሁለት ገጽ የሚሞላው ትልቁ ሥዕል። ስልክ ላይ ለሁለት ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ግን ወረቀቱ ርካሽ ነው፣ ጣና ደግሞ ርካሽ ወረቀት ይወዳል። አራተኛውና አምስተኛው ቅጽ ጠርዛቸው እንደ ሞገድ ተጥመልምሏል። ዘጠነኛው ጀርባው ላይ ሙጫው ተሰንጥቆ አራት ገጽ ለብቻቸው ወጥተዋል።

በዚያ ላይ ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። የእህቴ ልጅ ሰባተኛውን ቅጽ በለመደው በኩል ከፈተ። እዚያ ገጽ ላይ «በተሳሳተ በኩል ከፍተሃል» የሚል ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ አለ። ልጁ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ሥዕሉን ብቻ አይቶ አለፈው። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ጨርሶ መጣና «ጋሼ፣ ሰውዬው መጀመሪያ ይሞታል፣ ከዚያ ይድናል» ብሎ አጫወተኝ። እኔ ያን ቅጽ ገና አላነበብኩትም ነበር።

የመደርደሪያውን መላ ያገኘሁት ዘጌ ነው። እንግዳ ይዤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሄጄ ነበር። የመቅደሱን ግድግዳ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ሥዕሉ በሣጥን በሣጥን ተከፍሎ፣ ከየራሱ ጽሑፍ ጋር፣ አንዱ ታሪክ ከሌላው ቀጥሎ ይሄዳል። እኔ ማንጋ አንባቢው ቆሜ ዓይኔን ከሣጥን ወደ ሣጥን ስወስድ እንግዳዬ ሰልችቶት ወጣ። ሐሳቤን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። በእኛ ገዳማት የብራና መጽሐፍ የቆዳ ማኅደር ለብሶ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ መሬት አይቀመጥም። እኔ ደግሞ ማንጋዬን የሐይቁ ጎን ካለው ግድግዳ ጋር አጣብቄ፣ ከሥር ወለል ላይ ነበር የደረደርኩት!

ተመልሼ መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቅሁ። መጻሕፍቱን ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ጫማ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ይሰበስብልኛል፣ በየሳጥኑ አምስት ስድስት እጥላለሁ። ነሐሴን በዚህ ነው ያለፍኩት። ከዚያ ወዲህ አዲስ የተጥመለመለ ገጽ የለም። ሽታውም ጠፍቷል፣ ከዚያች ከተጣበቀችው የሥዕል መጽሐፍ በቀር።

ዲስኮቹን ስለ መያዝ ብዙ አልልም። ብሉሬይ ላይ መረጃው ያለው ከላዩ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ጠልቆ ነው፣ ዲቪዲ ላይ 0.6። ስለዚህ ጭረት ቅርቡ ነው፣ ለዚህም ጠንካራ ሽፋን ተደርጎለታል። እናቴ አንዱን በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል ደርሼ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። አልተጫረም። ብቻ ከመሃል ወደ ዳር ይወልወል እንጂ እንደ ምጣድ ማሰሻ ዙሪያውን አይዙሩበት።

ዛሬ ብጠየቅ ማንበቢያዋን እንደገና እገዛታለሁ፣ ግን ከሁለት ራሱ ገመድ ጋር። የቢቦፕ ሳጥን አልጸጸተኝም። ማንጋውን በዚህ ፍጥነት የምቀጥል አይመስለኝም። 11ዱን ሚዛን ላይ ሳስቀምጣቸው ሁለት ኪሎ ግድም መጡ፣ የቀሩት 16 ደግሞ ሦስት ኪሎ ሊጠጉ ነው። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ትመጣለች። ትናንት ማታ ደውላ «አንድ ኪሎ ተኩል ቦታ አለኝ፣ ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። ስምንት ቅጽ ማንጋ ወይም ሁለት ሳጥን ዲስክ ማለት ነው። አስቤ እደውላለሁ አልኳት። እናቴ ከማጀት ሆና ሰምታለች። «ሳክስፎን ያለበት ሌላ ካለ ጠይቃት» አለች።