ጥቁሩ ባለፔዳል የስፌት መኪና፦ ከ8 ወር አገልግሎት በኋላ

ይህ መኪና የሚሰፋው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው። ዚግዛግ የለውም፣ የቁልፍ ቀዳዳም አይሠራም። ሁሉን የሚችል ዕቃ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። ስፌትን ከዜሮ ለሚጀምር ግን ከ8 ወር በኋላም ፍርዴ ያው ነው፤ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ፍጥነቱ የሚመጣው ከእግር ስለሆነ መርፌውን የተፈለገው ቦታ ላይ ማቆም ይቻላል፣ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቋረጥም።

የመጀመሪያው ፈተና ፔዳሉ ነው። በቀኝ በኩል ያለው መዘውር ሁልጊዜ ወደሚሰፋው ሰው መዞር አለበት። በእጅ ወደ ራስ ሳብ አድርጎ ማስነሣት፣ ከዚያ ወዲያው በእግር መቀበል ነው። ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይበጠሳል ወይም ከታች ይተበተባል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ክር፣ በአሮጌ መርፌ፣ መስመር ባለው የደብተር ወረቀት ላይ መለማመድ ይሻላል። ቀዳዳዎቹ ከመስመሩ ሳይወጡ እስከ ገጹ መጨረሻ ከደረሱ ወደ አቡጀዲ መሻገር ይቻላል። ወረቀት የነካው መርፌ ይደነዝዛልና ለጨርቅ አይመለስ።

አሁን ጀማሪን ሁሉ ተስፋ ወደሚያስቆርጠው ነገር እንምጣ። ስፌቱ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ጨርቁን ሲገለብጡት ግን ከሥሩ ክር ተከምሯል፣ እንደ ተፈተለ ጥጥ ተጠቅልሎ መርፌው ሥር ተይዟል። ሰው ወዲያው ቦቢኑን፣ ማለትም የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ትንሽ ማጠንጠኛ፣ ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው። ጨርቁን የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ክር ከገባ፣ ክሩን የሚያጠብቁት ሁለት ትንንሽ ሳህኖች ተጋጥመው ስለሚቆዩ ክሩ በመሐላቸው አያልፍም፤ ላላ ብሎ ወደ ታች ይፈስሳል። መፍትሔው እግሩን አንሥቶ ክሩን ከመጀመሪያ ጀምሮ እንደገና ማስገባት ነው። ይህ ሳይሞከር የማጥበቂያውን ብሎን በካቻቪቴ መነካካት ነገሩን ያባብሳል።

ቦቢኑም የራሱ ፈተና አለው። ቦቢኑን ቤቱ (የብረት መያዣው) ውስጥ ካስገቡ በኋላ ክሩን ይዘው ቤቱን አንጠልጥሉት። በራሱ ክብደት እየተተረተረ ከወረደ ላልቷል። ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ፣ እጅዎን ትንሽ ነቅነቅ ሲያደርጉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከወረደ ልክ ነው። ወደ መኪናው ሲመለስ «ቀጭ» ማለት አለበት፤ ካላለ መርፌው ቤቱን መትቶ ይሰበራል። ስፌት ሲጀመር ሁለቱን ክሮች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አውጥቶ መያዝም ግድ ነው።

መርፌ ላይ አትቆጥቡ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይወፍራል። ለአቡጀዲና ለፖፕሊን 90/14፣ ለጅንስ 100/16፣ ለስስ ጨርቅ 70/10 ወይም 80/12 ይስማማል። 8 ሰዓት ያህል ከሰፋ ይቀየር። መርፌው እስከ ላይ ድረስ ገብቶ፣ ረጅሙ ቦይ ክር በሚገባበት በኩል መሆን አለበት፤ በተቃራኒው ከገባ መኪናው ስፌት ይዘላል ወይም ጭራሽ አይሰፋም። የስፌት ርዝመት ለተራ ጥጥ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ለጅንስ ከ3 እስከ 3.5 ይበቃል።

በ8 ወር ውስጥ በእርግጥ የተለወጠ ነገር ቢኖር የፔዳሉን ጎማ ከመኪናው መዘውር ጋር የሚያገናኘው የቆዳ ቺንጋ ነው። ተለጥጦ መንሸራተት ጀመረ፤ ፔዳሉ ይረገጣል፣ መኪናው ግን ይዘገያል። የሽቦ መያዣውን በፒንሳ ከፍቶ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ እንደገና ማያያዝ ነው። ከዚያ በላይ ከተቆረጠ ፔዳሉ ይከብዳል። ዘይትን በተመለከተ፣ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት በየቀዳዳው አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት መስፋት። የምግብ ዘይት ፈጽሞ አይግባ፤ ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል። ጨርቁን የሚገፉት ጥርሶች ሥር የሚጠራቀመውን የጨርቅ ብናኝ ግን በብሩሽ ማውጣት ከዘይቱ ይቀድማል።

በጨርቅ በኩል አቡጀዲ፣ ፖፕሊንና ካኪ ላይ አስተማማኝ ነው። የጅንስ ቅምቅማት ጎን ስፌቱ ጋ ሲደርስ ብዙ ድርብ ስለሚሆን እግሩ ወደ ላይ ያዘነብላል። ከእግሩ ኋላ የታጠፈ ቁራጭ ጨርቅ አስገብቶ ማስተካከልና እነዚያን ጥቂት ስፌቶች መዘውሩን በእጅ እያዞሩ ማለፍ ይረዳል። ቲሸርትና ሹራብ ላይ አልመክረውም፤ ጨርቁ ሲለጠጥ ቀጥ ያለ ስፌት ይበጠሳል። ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጥር መኪና) ስለሌለ የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር ድርብ ስፌት ይሠራል፦ መጀመሪያ የጨርቁ ፊት ወደ ውጭ ሆኖ ከጠርዙ በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት መስፋት፣ ጠርዙን 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀር መከርከም፣ ገልብጦ ከታጠፈው ጠርዝ በ7 ሚሊ ሜትር ደግሞ መስፋት። ለትራስ ልብስ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሥራ የለም።

ያገለገለ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ መዘውሩን በአንድ ጣት ያዙረው፤ ሳይንገጫገጭ መዞር አለበት። ቀጥሎ በመርፌው መግቢያ ሳህን ላይ ጥፍሩን ያሳልፍ። ጥፍሩ የሚይዝበት ጭረት ካለ ክሩም እዚያው ይያዛል፤ ሳህኑ የሚቀየርበትን ሒሳብ ከዋጋው ላይ ያስቀንስ።