አጭር ሞላ፣ ወፍራም ስታብላይዘር ወይስ የሮል ሴንተር ማስተካከያ?

ኩርባ ላይ የሚጋደል መኪና ያለው ሰው ገበያ ሲወጣ ሦስት አማራጮች ይቀርቡለታል፤ እነርሱም አጭር ሞላ፣ ወፍራም ስታብላይዘር (የግራና የቀኝ ጎማን ሰስፔንሽን የሚያገናኝ ብረት) እና የሮል ሴንተር ማስተካከያ ቦል ጆይንት (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያያይዝ ክብ መገጣጠሚያ) ናቸው። የሚከተለው ንጽጽር የፊት ሰስፔንሽናቸው ማክፈርሰን ስትራት (ሞላና አሞርቲዘር በአንድ ላይ የተገጠሙበት) ለሆነ እንደ ቶዮታ ኮሮላ ላሉ መኪናዎች ነው።

ሮል ሴንተር መኪናው ሲጋደል አካሉ የሚዞርበት፣ በዓይን የማይታይ ነገር ግን በስሌት የሚገኝ ነጥብ ነው። በማክፈርሰን ላይ ከፍታውን በዋናነት የሚወስነው ጎማውን ከሥር ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው የታችኛው ክንድ አቀማመጥ ሲሆን፣ ከዚህ ነጥብ እስከ መኪናው የክብደት ማዕከል ያለው ርቀት በረዘመ ቁጥር አካሉን የሚያጋድለው ኃይል ይበረታል።

አጭር ሞላ ብዙዎችን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ የክብደት ማዕከሉ 50፣ ሮል ሴንተሩ 10 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ያለ መኪና በ3 ሳንቲሜትር ዝቅ ቢደረግ፣ ማዕከሉ ወደ 47 ሲወርድ ሮል ሴንተሩ ወደ 4 ሊያሽቆለቁል ይችላል፤ ርቀቱ ከ40 ወደ 43 ያድጋል ማለት ነው። አጭር ሞላ ብዙውን ጊዜ ጠንካራም ስለሆነ፣ መጋደሉ ቢቀንስ መኪናው ዝቅ ስላለ ሳይሆን ሞላው ስለጠነከረ ነው። ክንዱ ከልክ በላይ ወደ ላይ ካዘነበለ ደግሞ የውጭው ጎማ አናቱ ወደ ውጭ እየተጋደለ መሬት የሚነካው ገጽ ይጠብባል።

ስታብላይዘር ሮል ሴንተሩን አይነካም፤ የመኪናውን ከፍታም አይቀንስም፤ ስለዚህ ኮረኮንችና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በበዛበት መንገድ ለሚነዳ ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ሆኖም የተገጠመበትን አክስል የውጭ ጎማ ይበልጥ ስለሚጭን፣ በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ የፊቱን ብቻ ማወፈር አፍንጫው ከኩርባው ወደ ውጭ እንዲገፋ ያደርገዋል። የኋላውን ማጠንከር ይሻላል።

ማስተካከያው ቦል ጆይንት ዘንጉ ረዘም ያለ በመሆኑ የክንዱን ውጫዊ ጫፍ ዝቅ አድርጎ ሮል ሴንተሩን ወደ ላይ ይመልሳል። በፋብሪካ ከፍታው ላይ ላለ መኪና ብዙም አያስፈልግም፤ ዝቅ ለተደረገ መኪና ግን ከሦስቱ ጉድለቱን ከሥሩ የሚያርም እርሱ ብቻ ነው። በ1980ዎቹ በተሠራው ቶዮታ ኤኢ86 ላይ ከስትራቱ ሥር የሚገባው ማስተካከያ ጎማውን የሚያዞረውን የመሪ ዘንግ ጫፍ አብሮ ዝቅ ያደርጋል። በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪናዎች ግን ቦል ጆይንቱና የመሪው ዘንግ ጫፍ የተለያዩ ስለሆኑ፣ ለመሪው ዘንግ የሚስማማ ጫፍ አብሮ ካልተገዛ ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር መሪው ሳይዞር አቅጣጫውን ይስታል። የረዘመው የቦል ጆይንት ዘንግ የቸርኬውን ውስጠኛ ጠርዝ ሊነካ ስለሚችልም፣ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ክፍተቱ መለካት አለበት።